ሁሉም «እሾህ ነው» ይላል

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ቀኝ ብብቴ ሥር አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ስዳብሰው የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ንፍፊት ነው። ሠፈራችን ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ወጣት ባለሙያ ሸሚዜን እንኳ ሳያስወልቀኝ «አባባ፣ ቀላል ነው» ብሎ የመርፌ ማዘዣ ጻፈልኝ። አመልካች ጣቴ በጨርቅ ታስሮ እፊቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አጥር ሳጥር ሽቦ ቦጭቆት መግል ይዟል። «ጣትዎን ምን ነካዎት?» አላለኝም። ማዘዣውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ቤቴ ገብቼ ጣቴን ጠዋትና ማታ በሞቀ የጨው ውኃ መዘፍዘፍ ጀመርኩ። በሳምንቱ ጣቴ ዳነ፤ ንፍፊቱም ሟሸሸ።

ወጣቱን ላማው ብዬ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እኔ በእሱ ዕድሜ ከዚህ የከፋ ሠርቻለሁ። በመሸኛዬ ግብዣ ላይ አለቆቼ «ጥንቁቅ ሠራተኛ ነው፤ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ያያል» ብለው ሲያመሰግኑኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ትሕትና መሰላቸው። ሁለት ጊዜ ማየት የለመድኩት፣ አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ ሳላይ ወረቀት ላይ ጽፌ ስላፈርኩ መሆኑን ከነሱ ማን ያውቃል?

በደብረ ሲና፣ በደሴና በማጀቴ ሠርቻለሁ። ማጀቴ ላይ ደሞዝ ወር አልፎ ወር ይዘገይ ነበር፤ ደሴ ላይ ደግሞ አንድ ፋሻ ለማውጣት ሦስት ፊርማ ይጠየቅ ነበር። ይህን ሁሉም ጡረተኛ ስለሚያወራው እኔ አልደግመውም። ሥራ የጀመርኩት ግን ሸዋ ሮቢት ነው፤ ጣልያን አገሩን በያዘ በሁለተኛው ዓመት።

ያን ጊዜ ሮቢት ከቤቷ ድንኳኗ የሚበዛ የመንገድ ሠራተኛ ካምፕ ነበረች። ከጣርማ በር ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ የሚሠሩት ሰዎች እዚያ ይውላሉ፤ እዚያው ያድራሉ። በካምፑ ጫፍ ቆርቆሮ የለበሰች ባለሁለት ክፍል ሐኪም ቤት ነበረች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ቆርቆሮው በፀሐዩ መንጫጫት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ በውስጧ የሚቀመጥ ሰው ወይ በሽተኛ ነው ወይ ደሞዝተኛ። እኔ ከደብረ ብርሃን የወረድኩ፣ ፊደል የቆጠርኩና ትንሽ ጣልያንኛ የለቃቀምኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ድሬሰር የሚባለው ስም ኋላ የመጣ ነው፤ ያን ጊዜ የምንባለው «ቁስል አጣቢ» ነበር። ለጠላት ለምን አደርክ ለሚለኝ፣ ርቦኝ ነበር እላለሁ። ከዚህ የተሻለ መልስ ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም።

እዚያ ሁሉም ሁሉን ይጠረጥራል። የካምፑ ሐኪም ጣልያን ነበር፤ ለእሱ ቁስል ያለበት ወንድ ሁሉ ሽፍታ፣ ብሽሽቷ ያበጠ ሴት ሁሉ ወታደሮቹን የምትበክል ናት። እንዲህ ያለችዋን ሴት ሳይመዘግብ የለቀቀ ሠራተኛ እንደሚቀጣ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። አገሬው በበኩሉ መርፌውን ይጠረጥራል፤ «ያመክናል» ይባል ነበር። እኔም በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። «ጠርጥር፣ አይጠፋም ከገንፎ ስንጥር» የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ነው ትለኝ ነበር እናቴ። በዚያ ካምፕ ከሁሉ አብልጬ የምጠረጥረው ግን ሥራ ያስተማረኝን ሰው፣ ጋሼ ተስፋልደትን ነበር።

ጋሼ ተስፋልደት የሐማሴን ሰው ነው። ከጣልያን ሐኪሞች ጋር ሲሠራ የሸበተ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጥፍሩን በየማለዳው የሚቆርጥ ሰው። በሽተኛ አይቶ በጨረሰ ቁጥር ከሽርጡ ኪስ ጥቁር ደብተር አውጥቶ በጣልያንኛ አንድ ነገር ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ ለማንም አይናገርም። ይህ ሰው የጣልያን ጆሮ ነው አልኩ በልቤ።

ሙያውን ግን መካድ አልችልም። በተለይ ንፍፊት የያዘው ሰው ሲመጣ ፊቱ ይበራል። «ንፍፊት ዘበኛ ነው» ይል ነበር፤ «ዘበኛ ሲጮህ ዘበኛውን አትመታም፤ ሌባው በየት ገባ ትላለህ እንጂ።» መጀመሪያ በሽተኛውን ከበር እስከ አግዳሚው ሲራመድ ያየዋል። ከዚያ እጁን ታጥቦ መዳፎቹን አፋትጎ ያሞቃል፤ ቀዝቃዛ እጅ የነካው ሰው ይሸማቀቅና ያመመውን ካላመመው መለየት ያቅታል። ሁልጊዜ ከደኅናው ጎን ይጀምራል። እብጠቱን በሦስት ጣቱ እያንከባለለ ይላወሳል ወይስ ተጣብቋል፣ ሲነካ ያማል ወይስ አያምም ብሎ ያያል። ከሁሉ የሚፈራው የማያመውንና ከቦታው የማይነቃነቀውን ነው።

ሌባውን ፍለጋ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እብጠቱ አንገት ላይ ከሆነ አፍ ያስከፍታል፤ የበሰበሰ ጥርስ፣ የቆሰለ ጉሮሮ ይፈልጋል። ጠጉር እየፈለቀቀ የቅማል ቁስል ያያል፤ ጠጉሩ ቅቤ ከተቀባ ሳያሳጥብ አይተውም። «ጥሬ ወተት ትጠጣለህ? ቤታችሁ የሚያስል ሰው አለ? በአንድ ክፍል ስንት ሆናችሁ ትተኛላችሁ?» ይላል። ብብት ከሆነ እጅ ያያል፤ ደንጊያ ፈላጮቹ፣ ከብት አራጆቹ፣ በቅርቡ ፈንጣጣ የተከተቡት ብብታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ብሽሽት ከሆነ እግር ያያል። የቆላ ሰው ጫማ የለውም፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የተላጠ አውራ ጣት፣ የወጋ እሾህ አይጠፋም። «አልጋውን በመጨረሻ ጠይቅ» ይለኝ ነበር፤ በአልጋ የሚተላለፈውን፣ አገሬው ባምቡሌ የሚለውን የብሽሽት እብጠት ማለቱ ነው። «አልጋውን ካስቀደምክ፣ እግሩን የምታየው መልሱን ይዘህ ነው። መልስ የያዘ ሰው ደግሞ አያይም።»

አንድ ቀን አንድ ገበሬ በአህያ ተጭኖ መጣ። ግራ ባቱ ላይ ቁስል አለ፤ ብሽሽቱ አብጧል። ቁስሉን አይቼ የጥይት ጭረት መሆኑን እኔ እንኳ ለየሁ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለው ጋሼ ተስፋልደት።

«እሾህ ነው፣ ጌታው።»

«ምን ዓይነት እሾህ?»

ሰውየው ዙሪያውን አየና «የግራር» አለ።

ጋሼ ተስፋልደት አንድም ቃል ሳይጨምር ቁስሉን አጠበለት፤ አሰረለት፤ ሸኘው። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ይህን ሰው አሳልፎ ሊሰጠው ነው አልኩ። ለምሳ ሲወጣ ሽርጡን ምስማር ላይ ሰቅሎት ነበርና ደብተሩን ሰርቄ ገለጥኩት። «ወንድ፤ ግራ ብሽሽት፤ ምክንያት፣ የግራር እሾህ» ይላል። ወደ ኋላ ገለጥኩ። ስም የለም። እዚያም እዚያም ጥርስ፣ ንቃቃት፣ የራስ ቁስል፣ ጥሬ ወተት፣ በቤት ውስጥ የሚያስል ዘመድ ተጽፏል። ከሁሉ የበዛው ግን እሾህ ነው። ደብተሩ የንፍፊት መምጫ መንገዶች ዝርዝር ነበር፤ ጣልያኑ ሐኪም ቢያገኘው ደግሞ የእሾህ ብዛት እንጂ የሽፍታ ስም አያገኝበትም።

ጠርጥሬው ስለነበር አፈርኩ፤ ከዚያን ቀን ወዲህም አከበርኩት። ትምህርቱን ግን ገልብጬ ያዝኩት። እሱ በምሕረት የሚጽፋትን ቃል እኔ የውሸት ስም አድርጌ ተማርኳት። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው «እሾህ ነው» ሲለኝ፣ ይህ ምን ሊደብቅ ነው እል ነበር።

ጥቂት ሳምንት አልፎ ጣርማ በር ላይ፣ ዋሻው በሚቆፈርበት፣ ደንጊያ ተንዶ ሰው ተጎዳና ጋሼ ተስፋልደት ወደዚያ ተላከ። «ያልገባህ ነገር ከመጣ ጠብቀኝ» ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን ሽርጥ ለብሼ ብቻዬን በመቀመጤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን እትዬ መዲና የምትባል ሴት የወንድሟን ልጅ ደግፋ ገባች። ዘሀራ ትባላለች፤ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ካለችው መንደር ናት። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። ሁለቱም ካምፑ በር ላይ ወተት ሲሸጡ አያቸው ነበር። ዘሀራ ታነክሳለች፤ ትኩሳት አላት፤ ሻሿን አፏ ድረስ ስባለች።

«ብሽሽቷ ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ነገር ወጥቶባታል» አለች እትዬ መዲና። «እኔ ነኝ የዳበስኳት። አንተ አትነካትም፤ ኒካሁ ሊታሰር ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።»

አልነካትም አልኩ። ከዚያ በቀጥታ አልጋውን ጠየቅኩ። በእርግጥ በዚያ ስሙ አልጠራሁትም። «ወተት የምትሸጪው ለማነው? ድንኳን ትገቢያለሽ?» አልኳት።

ዘሀራ ቀና ብላ አየችኝ። «ኧረ በአላህ! በሩ ላይ ነው የምሸጠው። እሾህ ነው። ከሦስት ጁምዓ በፊት ውስጥ እግሬን ወጋኝ፤ ነቀልኩት።»

እሾህ ነው! ይቺም እሾህ አለች ብዬ በልቤ ሳቅሁ። «እግርሽን አሳዪኝ» አልኳት፤ ለደንቡ ያህል። እግሯን ዘረጋች። ለሠርጓ ብለው አክስቶቿ ሂና ቀብተዋት ነበር፤ ከጣቶቿ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ ውስጥ እግሯም ጭምር፣ እንደ በሰለ እንዶድ ፍሬ ጠቁሯል። ቁስል አይታይም። ካጎነበስኩበት ቀና አልኩና «ቁስል የለም» አልኩ።

«ውስጡ ነው የሚያመኝ» አለች።

በመዝገቡም በመላኪያ ወረቀቱም ላይ ጻፍኩ። «ሴት፤ ካምፕ በር ላይ ወተት ሻጭ፤ ቀኝ ብሽሽት፤ ከአልጋ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ለምርመራ ትግባ።» ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ዘበኞች መጥተው፣ እንዲህ ያሉ ሴቶች ወደሚቆዩበት፣ በሽቦ ወደታጠረው ግቢ ወሰዷት። እትዬ መዲና እጇን ራሷ ላይ ጭና እየጮኸች ሽቦው ድረስ ተከተለቻት። የዚያን ግቢ ስም የማያውቅ የቆላ ሰው አልነበረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ወንዙን ተሻገረ።

ጋሼ ተስፋልደት በአራተኛው ቀን ተመለሰ። አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ መዝገቡን ማንበብ ጀመረና እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እግሯን አየህ?»

«አየሁ። ቁስል የለም።»

«እግሯን አየህ ወይስ ሂናውን አየህ?»

«እሾህ ነው ብላኝ ነበር» አልኩት። ውኃ ሞቅ አድርጌ እንድከተለው አዘዘኝ። ሽቦው ግቢ ውስጥ ዘሀራ መሬት ላይ ምንጣፍ ሳይኖራት ተኝታ አገኘናት። ጋሼ ተስፋልደት እፊቷ ተቀመጠና፣ «እህቴ፣ እሾሁ የቱ ጋ ነበር?» አላት። ያለችውን እንዳመነ ሰው ነው የጠየቃት። አለቀሰች። መዳፉን አሙቆ ደኅናውን እግሯን አስቀድሞ በአውራ ጣቱ ከጣት ጀምሮ ገብስ በገብስ፣ አንድ ቅንጣት ያህል እያለፈ ተጫነው። ከዚያ ወደታመመው ዞረ። ውስጥ እግሯ መሐል ሲደርስ ከሕመሙ የተነሣ ከመሬት ብድግ አለች። ቦታው ላይ ምንም አይታይም፤ ሂናው ድፍን ጥቁር ነው። ቆዳውን በምላጭ ሲከፍተው ግን መግሉ ፈነዳና ከመግሉ ጋር የተሰበረ የእሾህ ጫፍ ወጣ። የስንዴ ቅንጣት አይሞላም። መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና፣ «በል፣ ይህንንም ጻፍ» አለኝ።

በሳምንት ውስጥ ንፍፊቷ ጎደለ። ጣልያኑ ሐኪም ወረቀቴን ቀዶ ጣለና ለቀቃት፤ እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ እንደሚሆን ሁሉ ቀና ብሎም አላየኝም። ዘሀራ ግን ወደ ቤቷ የገባችው ከዚያ ግቢ ወጥታ ነው። የሙሽራው ወገን ለኒካሁ የተሰጠውን ቃል እንደሚያነሣ ላከ። አባቷ ጋሽ ሰዒድ ሐኪም ቤቱ ድረስ መጣ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ በቀስታ ነው የተናገረው።

«ልጄን በወረቀት ወሰድክብኝ። የምትመልስልኝ ግን በወረቀት አይደለም፤ ማንም አያነበውም። መጥተህ በአፍህ ትመልስልኛለህ።»

ጋሼ ተስፋልደት አብሮኝ መጣ። ከጁምዓ ሰላት በኋላ የመንደሩ ሰው ከአበጋሩ ደጅ፣ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ነበር። አበጋር ማለት በዚያ አገር ጠብ የሚያበርድ፣ ቃሉ የሚሰማ ሽማግሌ ነው። ይህኛው ዓይናቸው የፈዘዘ፣ ሲናገሩ ምራቃቸውን የሚውጡ ሽማግሌ ነበሩ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ተነሥቼ ቆምኩና ሁሉንም ተናገርኩ። እሾህ ነው ስትለኝ እንዳላመንኳት፣ ሂናውን እንጂ እግሯን እንዳላየሁ፣ በሽታ እንደሌለባት። እሾሁን በጨርቅ ቋጥሬ ይዤ ነበርና አሳየሁ።

የሙሽራው አባት አሊ ጨርቁን ተቀብሎ አየና ሣቀ። «ይህ እሾህ ከማን እግር እንደወጣ በምን አውቃለሁ? ግራር በየመንገዱ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ያንን ብለሃል፣ አለቀ። አሁን ሰዒድ ምን አብልቶህ ነው ቃልህን የምታጥፈው?»

ብዙ ሰው አጉረመረመ። ስወነጅላት ያላየሁትን ያመኑኝ ሰዎች፣ ያየሁትን ስናገር ሊያምኑኝ አልቻሉም። እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም፤ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ከሴቶቹ መሐል እትዬ መዲና ተነሣች። «አባቴ፣ ፍርዱ እኩል ይሁን» አለች አበጋሩን። «ዘሀራ በር ላይ ወተት ሸጠች ተብላ ከተመረመረች፣ ሙሽራው ሁሴን እኮ ካምፑ ውስጥ ደንጊያ እየፈለጠ የሚያድር ነው። እሱም ይታይ! ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ኒካሁ ዛሬ ይታሰር፤ ወሬውም ይሙት።»

አበጋሩ ጺማቸውን ዳበሱና፣ «ሐቅ ነው» አሉ። አሊ «ልጄ ምን አለበትና! ይታይ» አለ። ሁሴን በሰው ፊት እምቢ ማለት አልቻለም። ጋሼ ተስፋልደት እንዲነሣ ዓይን ዓይኑን አየሁት። «ያበላሸኸው አንተ ነህ፤ አንተ እይ» አለኝና ከተቀመጠበት አልተንቀሳቀሰም።

ከአበጋሩ ቤት ጓሮ ባለ ዳስ ገባን። ሁሴን ትከሻው ሰፊ፣ መልኩ ደስ የሚል ሰው ነው። እጄን ታጠብኩ። መዳፎቼን አሞቅኩ። ደኅና መሆኑን ለመናገር ቸኩዬ ነው የጀመርኩት። ግራ ብሽሽቱ ላይ ጣቴ ሲያርፍ ግን እብጠት አገኘሁ።

«እሾህ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው።

አመንኩት። ማለቴ፣ ማመን ፈለግሁ። እግሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከትንሿ ጣት ጀመርኩ። በየጣቶቹ መሐል አየሁ፤ በጥፍሩ ሥር አየሁ፤ ተረከዙን በውኃ አርሼ ንቃቃቱን አንድ በአንድ ገለጥኩ። ውስጥ እግሩን ገብስ በገብስ ተጫንኩ። «እዚህ ጋ? እዚህስ?» እያልኩ። አያመውም። ወደ ባቱ ወጣሁ፤ ጉልበቱን፣ ጭኑን ፈተሽኩ። እንደገና ከጣት ጀመርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን እሾህ ፈልጌ አላውቅም። አንዲት ስንጥር ባገኝ የዘሀራ ስም ይጸዳል፤ ኒካሁ ይታሰራል፤ የእኔም ጥፋት ይረሳል። ውጭ ያለው ሰው መንጫጫት ጀመረ። ጥላው ከዳሱ አንዱ ጎን ወደ ሌላው ዞሮ ነበር። በመጨረሻ የቀረውን ቦታ አየሁ። ቁስሉ እዚያ ነበር፤ የዚያ ዓይነት ቁስል ካምፑ ውስጥ በየቀኑ ስለማጥብ አልሳሳትም።

ሁሴን እጄን ያዘ። «ንጹሕ ነው በል፤ ወላሂ እታከማለሁ» አለኝ። «አሁን ንጹሕ ነው ካልክ እሷም ትድናለች፤ አንተም ትድናለህ።»

እውነቱን ነበር። እዚያው ተንበርክኬ ብዙ አሰብኩ። ደግሞም አንድ ጊዜ ሰው አዋርጃለሁ፤ ሁለተኛ እንዴት? አንድ ነገር ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ዘሀራ አግብታ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ብሽሽቷን ይዛ በሐኪም ቤቱ በር ስትገባ ታየችኝ። ያኔ እሾህ ብንፈልግ አናገኝም።

ወጥቼ ቆምኩ። «ሁሴን ሕክምና ይጀምር። ሳይድን ኒካሁ አይታሰር» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ የማይገባው ሰውም አልነበረም።

አሊ ዱላውን ይዞ ተነሣ። «ሰማችሁ! የሷን ለማንጻት የልጄን ስም ያጎድፋል! ባለፈው በሷ፣ ዛሬ በሱ! ይህ ክርስቲያን የሁላችንን ቤት ካላፈረሰ አይመለስም!» ሰው ሁሉ ይጮኽ ጀመር። ጋሽ ሰዒድ እንኳ ፊቱን አዞረብኝ። እሱ የሚያየው ሌላ ነበር፤ ያን ቀን ኒካሁ ከታሰረ የልጁ ስም ይመለስ ነበር፤ ካልታሰረ ግን ከሽቦው ግቢ የወጣች እንደተባለች ትቀራለች። አጠገቡ ያሉት ሰዎች «እሰረው፣ ሰዒድ፤ ቀሪውን አላህ ያውቃል» ይሉት ነበር። እሱም ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።

አበጋሩ እጃቸውን አነሡ። «ኒካሕ ያለ ሙሽራዋ ፈቃድ አይታሰርም። ዘሀራ፣ ልጄ፣ ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ፣ አባቴ» አለች ከሴቶቹ መሐል።

«ይህን ሐኪም ታምኚዋለሽ?»

ከሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ሊጠየቅ የማይገባው ሰው ቢኖር እሷ ናት ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ።

«አምነዋለሁ» አለች። «አላገባም።»

ጩኸቱ ሲበርድ፣ አሊ ልጁን ይዞ ሲሄድ፣ ጋሼ ተስፋልደት በቅሎውን ሊፈታ ራቅ አለ። ሁሴን ከጥቂት ቀን በኋላ ፊቱን ሸፍኖ ሐኪም ቤቱ መጣ፤ አከምነው። ዘሀራን ለትዳር የጠየቃት ሌላ ሰው ግን ለብዙ ጊዜ አልመጣም፤ ያወቅሁት እትዬ መዲና ነግራኝ ነው።

ያን ዕለት ወደ ወንዙ ስንወርድ ዘሀራ ከአክስቷ ጋር መንገድ ዳር ቆማ አገኘኋት። እግሯ ገና በጨርቅ እንደታሰረ ነው። አላስችል ብሎኝ፣ «ያን ሁሉ አድርጌሽ ለምን አመንሽኝ?» አልኳት።

«ዳሱ ውስጥ የሁሴንን እግር ይዘህ ፀሐይ ዞረችብህ» አለችኝ። «በአጥሩ ቀዳዳ ሴቶቹ ሲያዩህ ነበር። ለሰው እንዲያ የሚደክም ውሸት ይዞ አይወጣም ብዬ ነው።»

ሻሿን አስተካከለችና ልትሄድ ዞረች። ሁለት እርምጃ ሄዳ መለስ አለች።

«የኔን እግር እንዲያ ብትይዘው ምን ነበረበት?»

መንገዱን ለቀቅኩላት፤ እያነከሰች አለፈችኝ።